ላንቃው የተበሳው ሰው

ዲላ ባለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። አንድ ቀን ማስክ ያደረገ ጎልማሳ ገብቶ አናገረኝ፤ ድምፁ ሁሉ በአፍንጫው ስለሚወጣ አንድም ቃል አልገባኝም። ማስኩን ሲያወርደው ደነገጥኩ። አፍንጫው ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ ላንቃው ላይ ደግሞ የጣት ጫፍ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። "ምን አግኝቶህ ነው ወንድሜ?" ስለው ስልኩ ላይ ጻፈልኝ፦ "ደቡብ አፍሪካ ሳለሁ ለዓመታት ኮኬይን በአፍንጫዬ ስቤያለሁ። አሁን ትቼዋለሁ። ግን የምጠጣው ውሃ በአፍንጫዬ ይወጣል።" ወደ እኔ የላከው የአንገት በላይ ሐኪማችን ነው። ደወልኩለት። "ኮኬይኑ የአፍንጫውን ውስጥ ከነአጥንቱ በልቶታል፤ ቀዶ ጥገናው ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያው ቀዳዳውን የሚደፍን ነገር ሥራለት" አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም!

ሰው ሠራሽ ጥርስ ከምሠራበት ፕላስቲክ የላንቃ መድፈኛ ልሠራለት ሞከርኩ፤ ሁለቴ አበላሸሁ፤ ሦስተኛው ልክክ አለ። ውሃ ሰጠሁት፤ ጠጣ። አንዲት ጠብታ እንኳ በአፍንጫው አልወጣችም! ወዲያው ጨለለቅቱ ከተማ ላሉት እናቱ ደወለ። "እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ ታምራት!" አለ ጥርት አድርጎ። እናትየው እልልታቸውን ሲያቀልጡት ክሊኒኩ በሙሉ ሰማ። ለካ ከስደት ተመልሶ በደወለ ቁጥር ድምፁን መለየት አቅቷቸው "ማነህ አንተ?" እያሉ ይዘጉበት ነበር፤ እሱም በዚያ ፊቱ ቤት መሄዱን ፈርቶ ዲላ ተደብቆ ከርሟል። "ፊትህ እንደፈለገ ይሁን፣ ዛሬውኑ ናልኝ!" አሉት። እሱ ያለቅሳል፣ እኔ በደስታ እዘላለሁ። ነጭ ጋዋኔን እንኳ ሳላወልቅ በሞተሬ አፈናጥጬ መናኸሪያ አደረስኩት።