አደም ቤት የምትከርም አበባ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ አበባ ተብሎ አይተከልም ነበር፤ እህል ነው የሚዘራ። እኔም በድርቁ ጊዜ ከወሎ አሶሳ ለሰፈራ ስንመጣ ልጅ አዝዬ ነው እንጂ አበባ ይዤ አልመጣሁም። እና ይሄን የምነግራችሁ የቅርቡን ነው፣ እህቴን ከድጃን ላያት አገር የገባሁ ጊዜ የሆነውን።

ከድጃ እዚያው የቀረች ታናሼ ናት። ከቤታችን በላይ ገደል አለ፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ታዲያ ክረምት ሲሆን ከድንጋዩ ስንጥቅ ነጭ አበባ ይወጣል። ልጅ ሆነን ለመቅጠፍ ስንንጠላጠል እናታችን በአርጩሜ ታወርደን ነበር። ኋላ የግብርናው ልጅ ኦርኪድ ነው አለኝ፤ ለኛ የገደል አበባ ነው። መስከረም ላይ ልመለስ ስል ከድጃ ገደሉን ወጥታ ሦስት ነቀለች፣ ስሩ ትንንሽ ድንች ይመስላል፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሰጠችኝ። «እንግዲህ መገናኘታችንን እንጃ። ይቺን ስታዪ እኔን አየሽ» አለችኝ።

ታዲያ አሶሳ ሙቀት ነው፣ ታውቁታላችሁ። አፉ የተሰበረ እንስራ ፈልጌ፣ ጠጠርና የበሰበሰ ቅጠል ሞልቼ፣ ከማንጎው ሥር፣ የውሃው ጋን አጠገብ ጥላው ላይ ተከልኳቸው። እሰይ ያዙልኝ ስል ኅዳር ገባና ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ደረቀ። ምን ላድርግ? አጠጣሁ። ጠዋት አጠጣሁ፣ ማታ አጠጣሁ። እኛ እኮ ድርቅ ያባረረን ሰዎች ነን፣ የደረቀ ነገር አይቶ ማለፍ አልፈጠረብንም። ቆፍሬ ባይ ሁለቱ ስር በስብሶ እጄ ላይ ፈረጠ። አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ጎረቤቴ አደም፣ የዚሁ አገር ሰው፣ በርታ ከሚባሉት ነው፣ አማርኛውን ከኛው የለመደ፣ ስነፋረቅ በአጥሩ በኩል አይቶኝ መጣ። የቀረችውን ስር ጫን ጫን አድርጎ አያትና፣ «እናት፣ ይሄ ሞተ አይደለም። ተኛ ነው። ውሃ ተወው፣ ኻላስ፣ በቃ» አለኝ። እንዴት ልተው? እኔ ካየኋት አያስችለኝም አልኩት። እንስራዋን አንስቶ ወደ ቤቱ ይዟት ሄደ።

መጋቢት ላይ ከድጃ አረፈች ብለው ደወሉልኝ። ቀብሯም አልፏል፣ መንገዱም አያስኬድ። እና አበባዋ ትዝ አለችኝ፣ በጆግ ውሃ ይዤ ወደ አደም ደጅ ሮጥኩ። አደም በሩ ላይ ቆመ። አንዴ ብቻ ላጠጣት፣ እህቴ ሞታለች፣ አንዴ ብቻ ብዬ ለመንኩት።

«ሰኔ» አለኝ። «ሰኔ ና፣ እናት።» ከዚያ ጆጉን ከእጄ ወሰደና ፊቴን አስታጠበኝ።

ሰኔ ዝናቡ በጣለ በሳምንቱ እንስራዋን ተሸክሞ መጣ፤ አረንጓዴ ጫፍ አውጥታለች። ነሐሴ ላይ አበበች። ከድጃዬ ናፈቅሽኝ፣ ናፈቅሽኝ እያልኩ አጠገቧ ዋልኩ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ቅጠሏ ቢጫ ማለት ሲጀምር እኔው ተሸክሜ አደም ቤት አደርሳታለሁ፣ እስከ ሰኔም በሱ ደጅ አላልፍም። አደም ግን አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከሰላምታው በፊት እጄን ነው የሚያየው፣ ጆግ ይዤ እንደሁ። ዘንድሮ ስሯ አራት ሆናለች ብሎኛል። አንዷን አገር ልኬ ከከድጃ መቃብር ራስጌ አስተክላታለሁ።

«እኔ ልውሰድልሽ፣ እማማ» አልኳት፣ ወጓን ከጎኗ ተቀምጬ ስሰማ የቆየሁት የልጅ ልጇ።

«አንቺማ የኔው ዘር ነሽ፤ መንገድ ላይ ታጠጪያታለሽ። አደም ይሄዳል» አለችና ሳቀች፣ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች።