የሐጂ ነጅመዲን ዝምተኞች

እሁድ ጧት ከእንጦጦ ራጉኤል ስመለስ፣ የቀበሌያችን ሽማግሌ ጋሽ ወልደ ሐዋርያት በባሕር ዛፍ ተከልለው ቁልቁል ሲያዩ አገኘኋቸው። ከታች ሜዳው ላይ፣ በየካ የታወቁት ባለጸጋ የጨርቅ ነጋዴ፣ ሐጂ ነጅመዲን፣ በባዶ እግራቸው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ብዙ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ በቀስታ ይተነፍሳል።

«ልጄ፣ አንተ አስተማሪ ነህና ንገረኝ፤ ይህ ውቃቢ ነው ወይስ ፓርቲ?» አሉኝ።

«ዮጋ ይባላል ጋሼ፤ የሰውነትና የትንፋሽ ትምህርት ነው። ሐጂ ከህንዳዊ ወዳጃቸው ተምረው አሁን ሌላውን ይመራሉ።»

«ታዲያ ለምን ዝም ይላሉ? እዩ ብሎ የላከኝ የቀበሌው ሊቀመንበር ነገ በስብሰባ የሚጠይቀው እኔን ነው። አድማ ነው ካልኩ ሐጂ ይታሰራሉ፤ አይደለም ብዬ አድማ ሆኖ ቢገኝስ?»

እኔም ግራ ገባኝ። ዘመኑ ሦስት ሰው ቆሞ ቢያወራ የሚጠረጠርበት ነው፤ ዝም ብሎ ስለሚቀመጥ ሰው ግን መመሪያ አልወጣም። ወርደን ሐጂን እንድንጠይቅ ጋሼን ለመንኳቸው።

ሐጂ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሉን።

«ሃይማኖትዎን ለወጡ ይባላል» አሉ ጋሽ ወልደ ሐዋርያት።

«የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ ሰግጄ ነው የምመጣው። ያን ሁሉ ሀብት ይዤ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ በሠራተኛው ላይ ስጮህ ነበር የምውለው። ደም ብዛቴ ሊገድለኝ ሲል ይህን ተማርኩ። ለጎረቤት ባላካፍል ንፉግ እሆናለሁ። ይቀመጡና ይዩት።»

ሽማግሌው አማትበው ተቀመጡ። ለመሰለል ስለነበር አንድ ዐይናቸውን ብቻ ጨፈኑ፤ ኋላ ሁለተኛውም ተከደነ። ሲነሡ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ልጄ ከታሰረ ወዲህ ደረቴን የሚጫነኝ ነገር ነበር፤ ዛሬ ቀለል አለኝ። እንዴት እንደሆነ ግን አልገባኝም።»

በማግስቱ በቀበሌው አዳራሽ ሊቀመንበሩ «ምን ሲባባሉ ሰሙ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ምንም አላሉም።»

«ሰው ተሰብስቦ እንዴት ምንም አይልም?»

«እኔም ግራ ገብቶኛል፣ ጓድ ሊቀመንበር። ዐይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። እዚህም ስብሰባ ሰዉ ጨፍኖ ነው የሚቀመጠው፤ እዚያ ግን አያንኮራፋም።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ሽማግሌው አለቀላቸው ብዬ ነበር። ሊቀመንበሩ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ። ስብሰባው ሲበተን ጋሽ ወልደ ሐዋርያትን ወደ ጥግ ሳብ አደረጋቸው።

«ለእንቅልፍ ማጣትም ይሆናል?»

«ይሆናል እንጂ። እንቅልፍ ይሰጣል፣ ቁጣ ያበርዳል፣ ለደም ብዛትም ይበጃል። እሁድ ይምጡ። ሽጉጥዎን ብቻ ቤት ይተውት፤ ሲቀመጡ ይቆረቁርዎታል።»