«ንፉጉ ሐኪም» የተባሉት የአቶ ገደፋው መሐሪ ዜና ሕይወት

አቶ ገደፋው ከአባታቸው ከአቶ መሐሪ ወልደ ዮሐንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሰች ዳኘው በ1946 ዓ.ም. በቡሬ አቅራቢያ ተወለዱ። በደብሩ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በቡሬና በፍኖተ ሰላም ተከታትለው፣ በጤና ረዳትነት ሥራ ጀምረው፣ እየሠሩ በመማር ጤና መኮንን ለመሆን በቅተዋል። በ1977 ዓ.ም. ከወይዘሮ ደስታነሽ ክንዱ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሳነብ ድምፄ ቢሻክር ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ብስጭቴን ቤት ትቼ መምጣት አልቻልኩም።

ወንድሜ ወገባቸውንና ጉልበታቸውን ለዓመታት የሚያማቸው ገበሬዎች ወደ ጤና ጣቢያው ሲመጡ፣ አስቀድመው በእንቅስቃሴና በቀላል መድኃኒት ይሞክሩ ነበር። ያ አልበቃ ሲል ብርቱውን የሕመም ማስታገሻ ለአንድ ሳምንት ብቻ ያዝዙና፣ ከቤተሰቡ አንዱ ቆልፎ እንዲጠብቀው አደራ ይሰጣሉ፤ ባዶውን ማሸጊያ ሳያዩም ሌላ አያዝዙም። አረቄ የጠጣ ሰው ክኒኑን ቢውጥ በተኛበት ትንፋሹ ሊቆም እንደሚችል ሳይታክቱ ይናገሩ ነበር። እኛ ግን «ንፉጉ ሐኪም» አልናቸው።

በአገራችን እሳትና ጨው ለጎረቤት እንደማይከለከል ሁሉ፣ ያሻለንን መድኃኒት ማካፈልም ደግነት ነው። በ2000 ዓ.ም. በአንድ የጽዋ ማኅበር ላይ አንዲት እናት፣ ስማቸውን ዛሬ አላነሳም፣ ለወገባቸው ከታዘዘላቸው ክኒን ሦስቱን ጥርሱን ላመመው ለማኅበርተኛቸው ለወንዳወቅ ሰጡት፤ እርሱም አረቄ ጠጥቶ ነበርና እንደተኛ ቀረ። ጥፋቱ ሁሉ በወንድሜ ላይ ተላከከ። ይባስ ብሎ አንድ የበላይ ኃላፊ መድኃኒቱ ጨርሶ እንዳይታዘዝ አገደ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ካንሰር የጸናባቸው ሰዎች እያቃሰቱ ሞቱ። ወንድሜ ብቻቸውን ሰባት ደብዳቤ ጻፉ፤ «መከልከሉም ማዝረክረኩም ሁለቱም በሽተኛውን መጣል ነው» ይሉ ነበር። መድኃኒቱ የተመለሰው ከሰባተኛው ደብዳቤ በኋላ ነው።

በ2005 ዓ.ም. እርሳቸውም የአከርካሪ ካንሰር ያዛቸው። ጀግና ለመባል ብለው ሕመማቸውን አልደበቁም፤ የታዘዘላቸውን ሞርፊን በሰዓቱ፣ ለሆድ ድርቀቱም ማለስለሻ ጨምረው ይወስዱ ነበር። ሐኪማቸው የወሩን በአንድ ጊዜ ልስጥዎት ቢሏቸው እምቢ ብለው የሳምንቱን ብቻ ተቀበሉ፤ ክኒኑ የሚቆለፍበትን ሣጥን ቁልፍም ባለቤታቸው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ያዙ። በዚህ ሁኔታ ሲታከሙ ቆይተው፣ በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ትናንት ጠዋት ዐረፉ።

ትናንትናውኑ፣ አስከሬናቸው ገና ቤት ሳለ፣ ሦስት ለቀስተኞች፣ አንዱማ የሥጋ ዘመዴ ነው፣ በየተራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የተረፈ ክኒን ካለ ለጉልበታቸው እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ወንድሜ ዕድሜያቸውን የፈጁት ይህን ለማስተው ነበር።

አቶ ገደፋው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ደስታነሽን፣ ልጆቻቸውን ያምሮትን፣ አንዷለምንና ሀይማኖትን፣ እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆችን ትተውልናል። ከሣጥኑ የተገኙትን አሥራ አንድ ክኒኖች ግን ለማንም አልተዉም፤ በኑዛዜያቸው መሠረት ባለቤታቸው ዛሬ ማለዳ ለመድኃኒት ቤቱ መልሰዋቸዋል።

የወንድሜን ነፍስ እግዚአብሔር ሕመም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለእኛም ሰሚ ጆሮ ይስጠን። አሜን።