እንግዳውን አጠፋሁት

ጎረቤቴን ደረጃ ላይ አገኘሁት። ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልሎ፣ የታመመ ሕፃን እንዳቀፈ ሰው ደረቱ ላይ ለጥፎ ይወርዳል። ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ አልመለሰልኝም።

ይህ ሰው የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከለማጅ ጎን ተቀምጦ «ፍሬን፣ ፍሬን» ሲል ስለኖረ ሰፈሩ ጋሽ ፍሬን ይለዋል፤ እሱም ስሙን ወዶታል። እኔ ደግሞ የቋንቋ መምህር ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማርመው ደብተር ስለሌለኝ የሰው ንግግር አርማለሁ፤ በዚህም ብዙ ወዳጅ አላፈራሁም።

«ወዴት ነው እንዲህ ተጣድፈህ?» አልኩት።

«ወንድሜ ቤት ላስቀምጠው ነው። የእህቴ ልጅ ልትጨርሰው ነው፣ መምህር። በስልክ ስታወራ በጆሮዬ ሰማኋት። ‹እንግዳው አልነሳ ሲለኝ አጠፋሁት፣ አሁን ሌላ እያስገባሁ ነው› ትላለች። በኔ ላፕቶፕ ውስጥ። ማነው እንግዳው? ማን ግባ አለው?»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ዋጥኩት። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ለለማጆቹ የመንገድ ምልክቶችን ትርጉም እያነበበች በዚያ ላፕቶፕ ቀድታለት ነበር። ካረፈች ወዲህ አንድም ቀን ከፍቶ አላዳመጠውም፤ አልደፈረም። የመኝታ ቤታቸው መብራትም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቀን ሳይቀር ይበራል፤ ከኔ መስኮት ይታያል። ባለፈው ክረምት ልጅቷ የሰርቨር ሶፍትዌር ለመለማመድ ብላ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ስትጭንበት ማሽኑ አልነሳ አለ። ጠጋኝ እስኪያድነው ድረስ ጋሽ ፍሬን ምግብ አልበላለት ብሎ ሰነበተ።

ልጅቷ አንድ እግሯን ብቻ ተጫምታ ከኋላው ደረሰች። «ጋሼ፣ እየሠራ እያለ ነው እኮ ያነሱት። ቢያንስ በደንብ ልዝጋው።»

ደረጃ ላይ መጨቃጨቁ ደስ ስላላለኝ ሁለቱንም ቤቴ አስገባሁና ጋዜጣዬን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ። ጋሽ ፍሬን ፎጣውን ፈታ፤ እጁን ግን ከላፕቶፑ ላይ አላነሳም።

«እንግዳው ማነው?» አላት።

«ሰው አይደለም ጋሼ። ኮምፒውተር ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሶፍትዌር ይሠራል፤ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። ላፕቶፑ ባለቤት ነው፣ ያኛው እንግዳ።»

«ምናባዊ ማሽን ማለቷ ነው» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። አጉል ዕውቀቴ ነገሩን አበላሸው።

«ምናባዊ?» አለ ጋሽ ፍሬን። «የሌለ ማለት ነዋ። በሌለ ማሽን ተምረሽ የሐኪም ቤቱን ማሽን ልትነኪ ነው?»

ልጅቷ የአንድ ሐኪም ቤት ኮምፒውተሮችን በሚንከባከብ መሥሪያ ቤት ለሙከራ ተቀጥራለች። የበሽተኞቹን ቀጠሮና የምርመራ ውጤት ይዞ፣ ለጠየቀው ክፍል ሁሉ የሚያቀብለው ዋናው ማሽን ሰርቨር ይባላል። በሚቀጥለው ሳምንት ትፈተናለች፤ ካላለፈች ትሰናበታለች። ከዚህ ላፕቶፕ በቀር መለማመጃ የላትም።

«ጋሼ፣ አዲስ ለማጅ ሲመጣ የመጀመሪያ ቀን ገበያ መሃል ይዘውት ይገባሉ?»

«አብጃለሁ እንዴ?»

«የት ይወስዱታል ታዲያ?»

«ሜዳ ነዋ። የሚገጨው ነገር የሌለበት።» ወዴት እየወሰደችው እንደሆነ ገባውና ፊቱን አጠቆረ። «አትጠምዝዢኝ። ሜዳው ሜዳ ነው፣ መኪናውም መኪና። ያንቺ ምናብ ነው፤ መምህር ብሎታል።»

«እኔ ቃሉን አንስቻለሁ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

«እንግዳው ራሱ እንግዳ መሆኑን አያውቅም፣ ጋሼ። የማዘው ትእዛዝ እዚያ ሐኪም ቤት የማዘው ነው። ስሳሳትም የሚመጣው ጣጣ ያው ነው። ከላፕቶፑ ሚሞሪም ከዲስኩም ቆንጠር አድርጌ ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚያ አልፎ የእርስዎን ፋይል አያይም። አላጋራሁትም።»

«ያኔም ምንም አይሆንም ብለሽኝ ነበር።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ያኔ አጥፍቻለሁ» አለች።

እዚህ ላይ የመምህርነቴን ልናገር። ቋንቋችን በአንድ ግስ ብዙ ሸክም ይጭናል። መብራት እናጠፋለን፤ የተጻፈ እናጠፋለን፤ ሰውም በድለን ‹አጥፍቻለሁ› እንላለን። ልጅቷ በስልክ «አጠፋሁት» ስትል ስክሪኑ ላይ የእንግዳውን መስኮት ዘግታ ነበር። ሽማግሌው ግን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ሰማ፤ ሚስቱ ደግማ የሞተችበት ያህል ደነገጠ። ወጣቶች ሥራቸውን ለቤተሰብ ሳያስረዱ በስልክ ለጓደኛ ብቻ ሲያወሩ እንዲህ ያለ ጣጣ ይመጣል። ሽማግሌዎችም ሳንጠይቅ በፎጣ እንጠቀልላለን።

«እንግዲያው እርስዎ ያጥፉት» አለች ልጅቷ።

«ምኑን?»

«እንግዳውን። በገዛ እጅዎ። መጀመሪያ ግን አሁን ያለበትን ሁኔታ ልያዝ።» አንድ ነገር ተጫነች። «ይህ ስናፕሾት ይባላል። እንግዳው ምንም ቢሆን ወደዚህች ሰዓት ይመለሳል።»

እንግዳው ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚሰርዘውን ትእዛዝ ነገረችው። ጋሽ ፍሬን በአንድ ጣቱ ፊደሎቹን እየፈለገ ጻፈ። መጨረሻው ላይ ጣቱ ቆመ፤ ለማጆቹ መሪ ሲይዙ እንደሚሆኑት ሆነ። ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ ተጫነው። ጥቁሩ መስኮት በስሕተት መልእክት ተሞላ። ልጅቷ አጥፍታ ልታስነሳው ሞከረች፤ አልነሳም።

«ገደልኩት» አለ።

ወደ ስናፕሾቱ መለሰችው። እንግዳው ተነሳ፤ ምንም እንዳልነካው ሁሉ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጠየቀ።

ጋሽ ፍሬን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ይሄ ስናፕ የምትይው» አለ ቀስ ብሎ፣ «በኔ በኩል ያለው ፍሬን ነው። ለማጁ ሲስት እኔ የምረግጠው።»

«አዎ ጋሼ። እሱ ነው።»

«ለምን ከመጀመሪያው እንዲህ አላልሽኝም?» እጁን ከላፕቶፑ ላይ አነሳ። «በይ፣ የሷን አሳዪኝ።»

እንግዳውን ዘግታ የአክስቷን ፋይሎች ከፈተችለት። ሁሉም ነበሩ። አንዱን እንድታጫውተው በአገጩ አመለከታት። እኔ ልወጣ ተነሳሁ፤ «ተቀመጥ» አለኝ።

«ይህ ምልክት ቅድሚያ ስጥ ማለት ነው» አለች ሟቿ፤ ጥርት ባለው ድምፅዋ። ወረቀት ተገለጠ። «ቆይ፣ አንተ፣ የመኝታ ቤቱን መብራት አጥፋው እንጂ። በጠራራ ፀሐይ ይበራል?»

ጋሽ ፍሬን አለቀሰ፤ ልጅቷም፤ እኔም አልቀረሁም።

ዓይኑን በፎጣው ጠርጎ ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፋላት። «ተለማመጂበት። እዚህ ብትገጪ የሚጎዳ በሽተኛ የለም። ፈርቶ የሚማር መቼም መንዳት አይለምድም።»

«አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች። «ላፕቶፑ ራሱ ቢወድቅ ወይም ቢሰረቅ ስናፕሾቱ አያድነውም። የአክስቴን ድምፅ ዛሬውኑ ፍላሽ ላይ እንቅዳውና ሌላ ቦታ ያስቀምጡት።»

«መምህር ጋ» አለ፣ እኔን ሳያማክር። ፍላሹ ይኸው መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

በፈተናው ቀን አንድ የመፈተኛ ሰርቨር ሆን ብለው አበላሽተው ሰጧት። እሷ እቤት እንግዳውን ደጋግማ ስላበላሸች የብልሽቱን መልክ ታውቀዋለች፤ አስነሳችውና ተቀጠረች። አሁንም አዲስ ነገር ሲመጣ እንግዳው ላይ ሳትሞክር የሐኪም ቤቱን ማሽን አትነካም። በግድግዳው በኩል «ጋሼ፣ አጠፋሁት» ስትል እሰማለሁ። እሱም «አስነሺዋ» ይላታል።

የመኝታ ቤቱ መብራት ግን የሚስቱን ድምፅ በሰማንበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው የጠፋው። በመስኮቴ አየሁት።