የጎረቤት ማንጎ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት አጠገቧ ያሉትን ሽማግሌ ስለያዙት የማንጎ ከረጢት ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ከጓሮዎ ነው?»

«የጎረቤት ነው፣ ልጄ። ዳንግላ ጋሪ ለሚነዳው ልጄ ይዤለት ነው። እኛ መንደር ማንጎ የለም።»

«መንደርዎ የት ነው?»

«ፓዊ። በደርግ ጊዜ፣ በድርቁ፣ ከወሎ አምጥተው ያሰፈሩን ነን። ከማዶ ያሉት ደግሞ ከደቡብ የመጡ ናቸው።»

«እነሱ ቀድመው መጡ?»

«ኧረ በአንድ ሰሞን ነው። መሬቱንም እኩል ነው የሰጡን። ዛሬ የእነሱ ልጆች ማንጎ በአይሱዙ ይጭናሉ። የእኛዎቹ ለእነሱ በቀን ሥራ ይለቅማሉ።»

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«እነሱ እንደመጡ ችግኝ ተከሉ። እኛ ለከርሞ አገራችን እንገባለን እያልን የሚቆይ ነገር ሳንተክል ሠላሳ ዓመት አለፈን።»

«አንድ ሰው እንኳ አልተከለም?»

«ባለቤቴ ከእነሱ አንድ ችግኝ ለምና ተክላ ነበር። ‹ልንሄድ አይደል እንዴ፣ ለማን ነው?› ብዬ ነቀልኩባት።»

«እሳቸው ምን አሉዎት?»

«ከዚያ ወዲያ ስለ አገር ማውራት ስንጀምር ተነስታ ትወጣ ነበር።»

«ወሎን ተመልሰው አላዩትም?»

«አንዴ ሄጄ ነበር። የሚያውቀኝ ሰው አጣሁ።»

«ባለቤትዎስ ደህና ናቸው?»

«አምና ቀበርኳት። እዚያው ፓዊ።»

ዳንግላ ለሥራ ተመድቤ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆኖኝ፣ ለከርሞ እዛወራለሁ እያልኩ እስካሁን ያልፈታሁት የመጽሐፍ ካርቶን ትዝ አለኝ።