ሽርጡ ከሰርቨር፣ ወገቡ ከስልክ

ነገሩ የተበላሸው ግንቦት 12 ቀን 2003 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ደቂቃውን በትክክል የማውቀው ሰርቨራችን ራሱ መዝግቦት ስለነበር ነው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን ምንም አልመዘገበም።

የጋሽ ወልዴ ቤተሰቦች፣ ለጡረታ ሽኝታቸው እንኳን ደህና መጣችሁ። ሰርቨር ምንድን ነው ለምትሉ፣ የገበሬውን የመስኖ ውሃ ተራ ዝርዝር ይዞ፣ ገበሬው በስልኩ ሲጠይቀው «ያንተ ቀን ሐሙስ ነው» ብሎ የሚመልስ ማሽን ነው። በዚያ ጠዋት ጋሽ ወልደ ሚካኤል፣ እነሆ ዛሬ ከፊት ለፊቴ በአዲስ ኮት ተቀምጠው ላባቸውን የሚጠርጉት፣ ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውረው እኛ መረጃ ክፍል ገቡ። በብብታቸው ማራገቢያ ይዘዋል። የቆቦን ግንቦት ታውቁታላችሁ፤ አልፈረድኩባቸውም። እኔ ነሲባ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ገና ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ማሽኑን አሳየኋቸው። እንደ ታመመ ልጅ ግንባሩን ዳሰሱት።

«ይሄ ነገር ትኩሳት አለው» አሉ።

ፋይል ላመጣ ወጥቼ ስመለስ ማራገቢያው በሙሉ ኃይሉ ሰርቨሩ ላይ ይነፍሳል። ሰርቨሩ ጭጭ ብሏል። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሶኬት ብቻ ስለነበር የእሱን ነቅለው የማራገቢያውን ሰክተዋል።

«ጋሼ፣ አጥፍተውታል እኮ!»

«እስኪ ዳስሺው» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «ወዲያው በረደለት።»

እንዲህ ነው የተዋወቅነው።

ጋሽ ወልዴ ከዚያ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት በጽሕፈት መኪናና በኮምፒውተር ደብዳቤ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ለእሳቸው በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ ደብዳቤ ነው። የድረ ገጻችንን ኅዳግ የሚለኩት በማስመሪያ ነበር፤ ማስመሪያውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው። የኮምፒውተሬ መስታወት ላይ እስከ ዛሬ የእርሳስ ምልክት አለ። ከገጹ ግርጌ አራት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ይተዋሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ለምንድን ነው?»

«ማኅተሙ የት ሊያርፍ ነው?»

ኢሜይል ከላኩ በኋላም ቆባቸውን ደፍተው በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ደርሶ እንደሆነ ለመጠየቅ። አንድ ጊዜ ቀድመውት ደረሱ። «መንገድ ላይ አላየሁትም» አሉ አሉ። ይሄንን የነገረችኝ ኢሜይሉ የተላከላት ፍሬሰላም ናት፤ ይኸው እዚያ ጥግ ተደብቃ ትስቃለች።

ስንቀልድ ግን የተጣላንበትን ጉዳይ እንዳንረሳው።

የጋሽ ወልዴ ሃይማኖት አንድ ነበር፤ ደብዳቤ ከቢሮ ሲወጣ አልቆ፣ ፊቱን ታጥቦ ነው የሚወጣው። መስመሩ የት እንደሚሰበር፣ ዓምዱ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ሁሉንም ሰርቨሩ ወስኖ ይልካል፤ ስልኩ የተሰጠውን ማሳየት ብቻ። የሚልኩት ደግሞ እንደ ቢሮ ወረቀት የሰፋ ሠንጠረዥ ነው፤ ስም በግራ ጫፍ፣ ቀን በቀኝ ጫፍ። የኢብሮ ስልክ ደግሞ መዳፍ አትሞላም። ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ በኩል የሚያርሰውን ኢብሮን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከራሱ ስም ይነሳና ገጹን ወደ ጎን ይገፋል፣ ይገፋል፣ መሃል ላይ ጣቱ አንድ መስመር ዝቅ ይላል፤ የጎረቤቱ የዒምራን ቀን ላይ ያርፋል።

ሐሙስ ዕለት ሁለቱም አንድ ቦይ ላይ ተገናኙ። አካፋቸውን እንደያዙ ቢሮ መጡ።

«እኔ ስልኬን አምኜ ነው የመጣሁ!» አለ ኢብሮ።

«ስልክህ የኔን ሐሙስ ከየት አመጣው?» አለ ዒምራን።

«እኒህ ናቸው የሰጡኝ!»

ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን አውጥተው የኢብሮን ስልክ አገላብጠው አዩና ፈረዱ። «ገጹ ልክ ነው። ጠባቡ ስልኩ ነው።»

እኔ በዚያ ቀን ደሜ ፈልቶ ነበር። «ጋሼ፣ ኢብሮ የታጠቀውን ሽርጥ ማን ለካለት?» አልኳቸው።

«ሽርጥ ደግሞ ማን ይለካል? ታጥቆት ነዋ።»

«ዒምራን የእሱን ሁለት እጥፍ ይወፍራል። ሽርጣቸው ግን አንድ ነው።»

«ምን ነው በሰው ወገብ መጣሽ!» አለ ዒምራን።

«ሸማኔው ጨርቁን ሸምኖ፣ ጠርዙን አበጅቶ ይልካል» አልኩ። «የሚያጥፈው የታጣቂው ወገብ ነው። እኛም እንደዚያ እናድርግ። ዝርዝሩን አጣርቶ የኢብሮን ስምና ቀን ጎን ለጎን አድርጎ መላክ የሰርቨሩ ሥራ ይሁን። መልኩ ምን እንደሚመስል የሚናገረውን ደንብ ስልኩ አንድ ጊዜ ይቀበልና ያስቀምጠው። መስመሩን የት እንደሚሰብር ግን ስልኩ በራሱ ስፋት ይወስን።»

ጋሽ ወልዴ የኢብሮን ሽርጥ ከላይ እስከ ታች አዩት። ቀጥለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ሽርጥ እኮ በአደባባይ የሚፈታ ነገር ነው። የኔ ደብዳቤ ገበያ መሃል ሲፈታ ማየት አልሻም።»

ይሁንና ፈቀዱልኝ። ሠራሁት። የኢብሮ ስልክ በአንድ ዓይን እይታ «ኢብሮ፣ ቅዳሜ» ብላ አሳየች። ለአንድ ሳምንት ቢሮው ውስጥ የምራመደው መሬት ሳልነካ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ዚነት ከሮቢት ደወለች። ቲማቲም ታለማለች፤ ስልኳ አሮጌ ነው።

«ነሲባ፣ ስንት ሳጥን ነው ያላችሁኝ? ስቆጥረው እየተምታታብኝ ነው።»

«የምን ሳጥን?»

«የቲማቲም ነዋ! የላካችሁት ሁሉ ሳጥን ነው። አሥራ ሁለት አሰናድቻለሁ፤ መኪናው መቼ ነው የሚመጣ?»

የዚነት ስልክ የእኛ ፊደል የለውም። ፊደል የሌለው ስልክ በየፊደሉ ፋንታ ባዶ አራት ማዕዘን ነው የሚያሳይ። የእኔ ኩሩ ድረ ገጽ ዚነት ዘንድ ሲደርስ የሳጥን ሰልፍ ሆኗል። እሷ ሳጥን ስታሰናዳ ደግሞ የውሃ ተራዋ አልፏል። ይሄ የማይሳቅበት ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ስልክ ሁሉ እንደኔ ስልክ የተማረ መስሎኝ ሁሉን ሥራ አሸክሜው ነበር።

ጋሽ ወልዴ ግን ሳቁ። «ተፈታ አይደል?» አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ «የሳጥን ነጋዴዋ» ሲሉኝ ከረሙ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ጠረጴዛቸው ላይ የሒሳብ ደብተር ባለ ካሬ ወረቀት ተዘርግቷል፤ እርሳሳቸውን ቀርጸዋል።

«ፊደል ያልተሰጠው ስልክ ጥፋቱ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ለሚችለው ቃሉን ላኪለት፣ እሱ ያሰናዳው። ለማይችለው እኛ እዚህ አሰናድተን ሥዕሉን እንላክለት። ብቻ ማን እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቂው። እንግዳ ሲመጣ ስሙን ሳትጠይቂ ምን ታቀርቢለታለሽ?»

እኔ በአራት ዓመት ትምህርት ያላገኘሁትን እሳቸው በአንድ ጠዋት ተናገሩት። አሁን ስልኩ ገና ሲጠይቅ ማን እንደሆነና ምን ያህል እንደሚሰፋ ለሰርቨሩ ይናገራል። ጎበዙ ስልክ ራሱ ያሰናዳል። ደካማው በልኩ የተሰናዳ ሥዕል ይደርሰዋል።

ያልተናገርኩት ግን ጋሽ ወልዴ ሥዕሉን እንዴት እንደሠሩት ነው። ፊደል በጣም ሲያንስ «ሰ» ጫፏን ትጥልና «ለ» ትሆናለች፤ የሰው ስም ይለወጣል፤ የሰው ውሃ ይሄዳል። ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱንም ፊደል፣ ካሬ በካሬ እያጠቆሩ፣ ለጠባብ ስልክ ብለው በእጃቸው ሣሉት። ሁለት ወር ፈጀባቸው። ዓይናቸው እያነባ። «ጋሼ፣ ይረፉ» ስላቸው፣ «ዚነት ስሟን ታንብበው፤ ከዚያ አርፋለሁ» ይሉኝ ነበር። አንብባዋለች። ጋሼ፣ ለዚህ ምስጋና አይበቃም፤ ሌላ ቃል ግን የለኝም። አላህ የዓይንዎን ብርሃን ይጠብቅልዎ።

አቶ ደሳለኝ፣ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣ ሰዓትዎን አይዩ። አሁን እርስዎ ጋ ደረስኩ።

አምና እንግዶች ሊጎበኙን መጡ። አቶ ደሳለኝ ተነስተው አነበቡ። «ይህ ሥራ በአቶ ወልደ ሚካኤል የተሠራ ሲሆን፣ ወይዘሪት ነሲባ ሙሀመድሰይድ በጽሕፈት ረድታለች።» በጽሕፈት! እኔ ጽሕፈት ስጽፍ ጣቴ እንዴት እንደሚደናበር እዚህ የማያውቅ የለም። ጋሽ ወልዴን አየኋቸው። የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ነበር። ቆለፉት፣ ፈቱት፣ መልሰው ቆለፉት። ስህተቱን አላረሙም። ሰዉ አጨበጨበ።

ሁለት ሳምንት ሰላም አላልኳቸውም። እንደምን አደሩ የምለው ሰርቨሩን ነበር፣ እሳቸው እየሰሙ። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ መጥተው ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

«ነሲባ፣ አስቀየምኩሽ።»

«አዎ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ደብዳቤ ጻፍኩ። ስሜ ከታች እንኳ ወጥቶ አያውቅም። ያን ቀን ሲጠራ ሰማሁት። ጣፈጠኝ፣ ልጄ። አፌን ያዘኝ።»

ብዙ ነገር ልናገር አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉንም ተውኩት። በጽሕፈት መርዳት ማለት ምን እንደሆነ ከእኔ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት የቀመሰ ሰው ነው ፊቴ የቆመው። ግማሹን ያኔውኑ ይቅር አልኳቸው። ግማሹን አስቀመጥኩት።

ያስቀመጥኩትን ግማሽ ባለፈው ሰኞ አስረከብኳቸው። ጡረታ የሚወጣ ሰው ንብረቱንና ሥራውን በርክክብ ቅጽ ዘርዝሮ ይፈርማል፤ ተረካቢ ይፈርማል፤ ኃላፊ ይፈርማል። ተረካቢዋ እኔ ነኝ። ጋሽ ወልዴ ከማስመሪያውና ከወንበሩ በታች በገዛ እጃቸው እንዲህ ጽፈዋል፦ «የውሃ ተራው ገጽ፤ ሥራውን ለሰርቨሩና ለስልኩ የማከፋፈል ሐሳብና አሠራር፣ ነሲባ ሙሀመድሰይድ። ለጠባብ ስልክ የተሣሉ ፊደላት፣ ወልደ ሚካኤል።»

«ጋሼ፣ ይሄን መጻፍ አልከበደዎትም?» አልኳቸው።

«ማን ምን እንደሠራ ካልተናገረ ምኑን ደብዳቤ ሆነ?» አሉ።

አቶ ደሳለኝ ግን አልፈረሙም። «ቅጹ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ የለውም» ብለው በአዲስ አስተይበው ማክሰኞ ላኩልኝ። በአዲሱ ላይ ማስመሪያው አለ፤ ወንበሩ አለ። እኔ የለሁም። አብሮት የመጣው ደብዳቤ ደግሞ በጋሽ ወልዴ ቦታ ለሚመጣው አዲስ ቡድን መሪ «በጽሕፈት ረዳትነት ሥራውን እንድታሳየው» ይላል። የሠራሁትን ሥራ፣ በረዳትነት፣ ለአለቃዬ!

ሽኝት ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር አይነሳም የምትሉኝ አላችሁ። ጋሽ ወልዴን ጠይቄያቸዋለሁ። «ዛሬ ካልተናገርሽው ነገ እኔ የለሁም» ነው ያሉኝ። ጋሼ፣ ብለዋል አይደል? ይኸው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው።

እንግዲህ ለስላሳችሁን አንሱ። ባዶ የሆነበትን ፍሬሰላም ትቅዳለት።

ጋሽ ወልዴ፣ ዕድሜና ጤና ከልጅ ልጆችዎ ጋር ይስጥዎ። ጠዋት ተኝተው ይርፈድብዎ፤ አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ እንቅልፍ ተጠራቅሞልዎታል። እርሻዎ ውሃ አይጣ። የሚደርስዎት ደብዳቤ ሁሉ ደግ ወሬ ይዞ ይምጣ፤ ኅዳጉ ቢጠብም ይለፉት። ስምዎ በዚህ ጽሕፈት ቤት በሠሩት ልክ ይጠራል፤ እኔ እጠራዋለሁ። አሚን በሉ። አሜንም በሉ። ለጋሽ ወልዴ!

አቶ ደሳለኝ፣ እርስዎም ጠጡ፤ አልተጣላንም። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱንም ወረቀት ይዤ ቢሮዎ እመጣለሁ። ጋሽ ወልዴ በእጃቸው የጻፉትን እፈርማለሁ። የሠራሁትን ሰርዞ የተጻፈውን አልቀበልም፤ ዛሬም፣ ነገም፣ አዲሱ መሪ ሲመጣም።