ሁለተኛው እጅ

የተከበራችሁ የፋብሪካችን ኃላፊዎች፣ የማኅበራችን መሪዎች፣ የፈትል ክፍል እህት ወንድሞቼ፤ ሥራችሁን ትታችሁ ለእኔ ስለደገሳችሁ ጋለቶማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ጓዶች» ማለት ነበረብኝ። ግን ጡረታዬ ትናንት ተፈርሟል፤ አሁን ማን ይቆጣኛል?

አባቴን ወዬሳን የምታስታውሱ አላችሁ? እዚሁ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። የሠራተኛ ማኅበር ማለት በሚያስባርርበት ዘመን ማኅበርተኛ ሆነ። ንግግር ግን አይሆንለትም። «ዲንቄ ኮ፣» ይለኝ ነበር፣ «መጀመሪያ እጁን የሚያወጣው ደፋሩ ነው። ሁለተኛ እጅ ካልተጨመረለት ግን ነገ ይባረራል። እኛ ሁለተኛ ነን።» የቤታችን ወግ ይኸው ነው።

እኔም ያንኑ ያዝኩ። «የምትደግፉ እጅ አውጡ» ሲባልማ ሁላችንም እናወጣለን፤ እሱ የጠዋት ስፖርት ነው! የሚከብደው ሳይታዘዝ የሚወጣው እጅ ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት እንዲህ ያለ እጅ አውጥቼ ታሰርኩ። ልጄ ዘርፉ ስንቅ እያመላለሰች አደገች። ስፈታ ቁርጡን ነገረችኝ፦ «እማዬ፣ እኔ እጄን ከኪሴ አላወጣም።»

እውነቷን ነው። ግን የአባቴ ነገር እኔ ላይ ሊያበቃ ነው ብዬ አዘንኩ። ሽመና ክፍል ከተቀጠረች ወዲህ በየስብሰባው እጇን ሰረቅ አድርጌ አያለሁ።

ያለፈውን ወር ታስታውሳላችሁ። ዘውድነሽ የታመመ ልጇን ስታስታምም ከሥራ ቀረች ተብላ ልትባረር ሆነ። መካኒኩ ሰንበታ እጁን አውጥቶ «አግባብ አይደለም!» አለ። ሁለተኛ እጅ ጠፋ። እኔ በዚህ በሽተኛ ትከሻዬ እጄን ላነሳ ስታገል ከኋላ «እኔም እደግፋለሁ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል የዘርፉ እጅ ነው። ከዚያ በኋላማ የእጁን ብዛት ማን ይቁጠረው!

ስንወጣ «ምነው፣ ኪስሽ ተቀደደ እንዴ?» አልኳት።

«አንቺ ልትሄጂ አይደል? ሰንበታን ለማን ልተወው?» አለችኝ።

ዘውድነሽ ይኸው ፊቴ ተቀምጣ ትስቃለች። እኔም፣ ወገኖቼ፣ እንዴት ቀለለኝ መሰላችሁ! ያን ቀን ለጥ ብዬ ተኛሁ።

እንግዲህ ደህና ሁኑ። ማሽናችሁ አይሰበር፣ ጤናችሁ አይጓደል፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ከመሃላችሁ እጁን ያወጣ ሰው ብቻውን አይቅር። እኔ የኔን አውርጃለሁ።